ከወለድ ነፃ መስኮት ላይ ለዋስትና በየሩብ ዓመቱ የሚቆረጠው ኮሚሽን ምንድን ነው?

የወረቀት_ነጋዴ (ክሩን የከፈተ)

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ለሁላችሁም ሰላም። ተክለሃይማኖት አካባቢ ነኝ። የጽሕፈት መሣሪያና የቢሮ ዕቃ አቀርባለሁ። አብዛኛው ሥራዬ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጨረታ ነው። አሁን አንዱን አሸንፌ የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትና አምጣ ተብያለሁ። የውሉ 10 በመቶ። ውሉ 4 ሚሊዮን ብር ነው፣ ስለዚህ 400 ሺህ ብር ማለት ነው።

ሰንጋ ተራ ካሉት ባንኮች አንዱ ጋ ሄድኩ። ሒሳቤ ያለው እዚያው ከወለድ ነፃ መስኮቱ ላይ ነው፣ መደበኛው ባንክ ውስጥ በሸሪዓ ደንብ ለሚሠራው አገልግሎት በተለየው ክፍል ማለቴ ነው። ልጅቷ በደንብ አስተናገደችኝ፣ በሷ ቅሬታ የለኝም። ቅጹ ላይ በትልቁ «ከፋላ» ይላል፣ ዋስትና ማለት ነው። ገልብጬ ከጀርባው ያለውን ሳነብ ግን ክፍያው ከዋስትናው መጠን ላይ በመቶኛ ይሰላል። በየሦስት ወሩ። ቀኑ ካለፈ ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት እንደገና። ለማወዳደር ብዬ ወደ መደበኛው ክፍል ዞር አልኩና ታሪፉን ጠየቅኩ። ቁጥሩ አንድ ነው! ነጥብ እንኳን አልተለወጠም።

ባንኩ ለኔ አንድ ብር አላበደረኝም። ዋስ ነው የሆነኝ። ታዲያ በብሩ ልክና በጊዜው ርዝመት የሚያስከፍለኝ ለምንድን ነው? ይሄ ከወለድ በምን ይለያል? የሚያውቅ ያስረዳኝ። የባንኩን ስም አትጠይቁኝ፣ አልናገርም።

ሒሳብ_ሹም

ወንድሜ፣ እኔ ሙስሊም አይደለሁም። የነጋዴዎች ሒሳብ ነው የምሠራው። እውነቱን ልንገርህ? ሁለቱንም እኔ የምመዘግባቸው አንድ መስመር ላይ ነው፣ «የባንክ ወጪ» በሚለው። ሰውየው ኮፍያ ቀየረ እንጂ ያው ሰውየው ነው። ሙራባሃውም፣ ከፋላውም፣ ምኑም ምኑም የስም ጉዳይ ይመስለኛል። ተሳስቼ ከሆነ አስረዱኝ። እስካሁን ግን የሚያስረዳኝ አላገኘሁም።

ሸማ_ተራ

ያው አገልግሎት ነው፣ ክፈልና ሥራህን ሥራ። ጨረታው ካመለጠህ ፈትዋው ኪራይ አይከፍልልህም 😄

አቡ_ሙስዓብ

ወዓለይኩሙ ሰላም። ጥያቄህ ተገቢ ነው፣ ቀልድ ተደርጎ የሚታለፍም አይደለም። ሒሳብ ሹምም ቢሆን የጠየቀው እውነት ነው።

በእስልምና ፋይናንስ ሽያጭ ላይ የቆሙ ውሎች አሉ፣ ሙራባሃን የመሰሉ፣ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፉን ነግሮ የሚሸጥልህ። ሽርክና ላይ የቆሙ አሉ፣ ሙዳረባና ሙሻረካ። ያንተ ጉዳይ ከነዚህ አንዱም ውስጥ አይገባም። ባንኩ ዕቃ አልሸጠልህም፣ አልተሻረከህም። አንድ ሥራ ነው የሚሠራልህ። የአገልግሎት ውል የሚባለው ይሄ ነው። ወኪል ይሆንልሃል፣ ያ ወካላ ነው። ዋስ ይሆንሃል፣ ያ ከፋላ ነው። አደራ ይጠብቅልሃል፣ ወዲዓ። ውጤት ላመጣ ሰው ዋጋ መቁረጥም አለ፣ ጁዓላ። ነገር ግን ሁሉም ላይ እኩል አይከፈልም። ወካላ ላይ ደመወዝ መቁረጥ ማንም አይከራከርበትም። ክርክሩ ያለው ከፋላ ላይ ነው።

ዋስህ የገባው ቃል «እሱ ካልከፈለ እኔ እከፍላለሁ» ነው። አላህ አይበለውና ዕቃውን ሳታቀርብ ቀረህ እንበል። መሥሪያ ቤቱ 400 ሺውን ከባንኩ ይወስዳል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ባንኩ አበዳሪህ ነው። 400 ሺህ ብር ትመልስለታለህ። ኮሚሽኑን ግን ቀድሞ ተቀብሎሃል። ስለዚህ በድምሩ ካወጣልህ በላይ አገኘ። ጥቅም ያመጣ ብድር ሆነ ማለት ነው።

ይሄን እኔ አልፈጠርኩትም። በእስልምና ትብብር ድርጅት ሥር ያለው ዓለም አቀፍ የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) አካዳሚ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1985 ጅዳ ላይ ተሰብስቦ፣ በውሳኔ ቁጥር 12 የባንክ ዋስትናን አይቶታል። ለዋስትናው ለራሱ፣ መጠኑና ጊዜው እየታየ የሚወሰድ ክፍያ አይፈቀድም ነው ያለው። ብሩን አስይዘህም ሆነ ሳታስይዝ። ደብዳቤውን ለማውጣት የሚወጣ የአስተዳደር ወጪ ግን ይፈቀዳል፣ ለዚያ ዓይነት ሥራ ከሚከፈለው እስካልበለጠ ድረስ። ባሕሬን ያለው አዮፊም፣ ማለትም የእስልምና የገንዘብ ተቋማትን የሒሳብና የሸሪዓ መስፈርት የሚያወጣው ድርጅት፣ ስለ ዋስትና ባወጣው መስፈርት ቁጥር 5 ላይ ከዚህ አይርቅም።

ስለዚህ ክፍያው ሥራውን ይከተል። ብሩንና ቀኑን አይከተል። ያየኸው ታሪፍ ብሩንም ቀኑንም ተከትሏል።

ኡሙ_ሐናን

ጀዛከላህ ኸይር ኡስታዝ። ለባለቤቴ ላኩለት።

አቡ_ሙስዓብ

ኡስታዝ አይደለሁም እህቴ፣ ውል አንባቢ ነኝ። ባረከላሁ ፊኪ።

መስኮት_ሰባት

ለባንክ ሠራተኛም ዕድል ስጡ እንጂ። አንድ ባንክ ውስጥ የንግድ አገልግሎት ክፍል ነው የምሠራው፣ ከወለድ ነፃው በኩል። ባለ ክሩ የሄደበት ባንክ ይሁን አይሁን አላውቅም።

አንደኛ፣ አቡ ሙስዓብ የተናገረው አንዱን አቋም ነው። ሌላም አለ። ማሌዥያ ውስጥ የብሔራዊ ባንካቸው የሸሪዓ አማካሪ ምክር ቤት ለከፋላ ክፍያ መቀበልን ይፈቅዳል። ብዙ ባንኮች የሚሠሩትም በዚያው ነው። የኛ ሸሪዓ ቦርድም ይህንን አይቶ ነው ያጸደቀው።

ሁለተኛ፣ ባንክ ዋስ ሲሆን በነፃ አይደለም። 400 ሺው ከባንኩ አቅም ላይ ይያዛል። በዚያ ልክ ለሌላ ሰው መስጠት አይችልም። በነፃ ዋስ ሁን ካላችሁት ማንም ባንክ ዋስ አይሆንም። ከዚያ ነጋዴው የት ይሂድ? ወደ መደበኛው ነዋ።

ሦስተኛው እውነት ደግሞ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ሲስተም ነው። እኔ ያለሁበት ባንክ መስኮቱና መደበኛው ክፍል የሚሠሩት በአንድ ሲስተም ነው። የኮሚሽን ኮዱ ድሮ የተሠራ ነው። መስኮት ሲከፈት ስሙ ተቀየረ፣ ኮዱ ቀረ። ታሪፉ አንድ የሆነው ማንም ተንኮል አስቦ አይደለም።

ሥራው ራሱ ገና ልጅ መሆኑንም አትርሱ። ብሔራዊ ባንክ የመስኮት መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የመጀመሪያዎቹ መስኮቶች የተከፈቱት በ2013። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ እንዲቋቋም የተፈቀደው በ2019፣ ዘምዘምና ሂጅራ ሥራ የጀመሩት በ2021። ሁሉም ነገር ባንዴ አይስተካከልም።

ሒሳብ_ሹም

«ስሙ ተቀየረ፣ ኮዱ ቀረ።» እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነበር፣ ባንክ ውስጥ ያለ ሰው ሲለው ግን ደስ ይላል 😂

አቡ ሙስዓብ፣ አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ሥራውን ይከተል አልክ። እሺ። ለ400 ሺህ ብር ዋስትናና ለ40 ሚሊዮን ብር ዋስትና የሚሠራው ሥራ አንድ ነው? 40 ሚሊዮኑ ኮሚቴ ይገባል፣ ማስያዣ ይገመታል፣ ሕግ ክፍል ያየዋል። እኔም ኦዲት ሳደርግ ትልቁን ድርጅት በሱቅ ዋጋ አልሠራም። ስለዚህ መጠን ሙሉ በሙሉ ውጪ ነው ማለት አይቻልም።

አቡ_ሙስዓብ

ጥሩ ጥያቄ ነው። ልክም ነህ፣ ሥራው ይለያያል። ልዩነቱ ግን በደረጃ ነው። እስከ ግማሽ ሚሊዮን ይህን ያህል፣ ኮሚቴ ለሚገባው ይህን ያህል፣ ግምት ለሚያስፈልገው የገማቹ ክፍያ ተጨምሮ። የተቆረጠ ብር ነው። ለ400 ሺህና ለ450 ሺህ ብር ዋስትና ባንኩ የሚሠራው ያንኑ ሥራ ነው። በመቶኛ ከተሰላ ግን ክፍያው ይለያያል።

ማራዘሚያውን ተመልከት። በጣም ግልጽ የሚሆነው እዚያ ላይ ነው። ርክክቡ ዘግይቶ ዋስትናው ለሦስት ወር ይራዘም ተባለ። ባንኩ ምን ሠራ? አንድ ደብዳቤ ጻፈ። ቁጥር ሰጠው፣ ሁለት ሰው ፈረመ፣ ማኅተም ተመታ። የከፈልከው ግን እንደ መጀመሪያው ሁሉ የሙሉ ሩብ ዓመት ኮሚሽን ነው። ታዲያ ያ ብር የምን ዋጋ ነው? የደብዳቤው አይደለም። የጊዜው ነው።

መስኮት ሰባት፣ ስለ ማሌዥያ ያልከው እውነት ነው፣ አልክድም። ኺላፍ፣ ማለትም የዑለማዎች ልዩነት፣ ያለበት ነገር ነው። በዚያ አቋም የሚሠራ ባንክ ሐራም ሠራ ብዬ አልጮህም። ግን ደንበኛው ይወቀው። ቅጹ ላይ «ይህ ክፍያ የዋስትና ኮሚሽን ነው፣ የሸሪዓ ቦርዳችን በዚህ ምክንያት ፈቅዶታል» ተብሎ ይጻፍ። ሰውየው አንብቦ ይወስን። «የአገልግሎት ክፍያ» ብሎ ማለፍ ነው የሚያናድደኝ። ለየትኛው አገልግሎት?

አቅም ይያዝብናል ያልከውን ግን አልቀበልም። ለተያዘ አቅም የሚከፈል ገንዘብ ለተያዘ ገንዘብ ከሚከፈለው ብዙ አይርቅም። አንተም ታውቀዋለህ።

መስኮት_ሰባት

የመጨረሻዋን ሰምቼ እንዳልሰማሁ አልፋለሁ 🙂

ኡሙ_ሐናን

እኔም የራሴን ልጠይቅ። መርካቶ፣ ምዕራብ ሆቴል አካባቢ ሱቅ አለኝ። ጨርቅ ነው የማስመጣው። ኤልሲ (ባንኩ ሰነዱን አይቶ ለውጭው ላኪ የሚከፍልበት ውል) ስከፍት ሙሉውን ብር አስቀድሜ አስገባለሁ። ባንኩ ከራሱ ምንም አይጨምርም። ግን ክፍያ ይቆርጣል። እሱስ ከዚህ ጋር አንድ ነው?

ሌላም አለ። አንድ ጊዜ ሰነዱ ላይ የጥቅል ብዛት ከኢንቮይሱ ጋር አልገጠመም ነበር። ባንኩ ሳያይ ከፈለ። ዕቃው ሲመጣ ጎድሎ ተገኘ። ላኪውም አልመለሰልኝ፣ ባንኩም «እኛ ወኪል ነን፣ አይመለከተንም» አለኝ። ከወለድ ነፃ ሲሆን ተጠያቂ የለም እንዴ?

አቡ_ሙስዓብ

ያንቺ ሌላ ነው እህቴ፣ ያንቺው ቀላሉ ነው። ሙሉውን ካስገባሽ ባንኩ ወኪልሽ ነው፣ ለወኪል ደመወዝ ይገባል። ሥራም አለው። ውጭ ካለው ባንክ ጋር ይጻጻፋል፣ ሰነዱን ይቀበላል፣ መስመር በመስመር ያመሳክራል፣ ልክ ከሆነ ይከፍላል። ዓለም አቀፉ የኤልሲ ደንብ፣ ዩሲፒ 600 የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2007 ጀምሮ የሚሠራው፣ ለዚህ ምርመራ ለባንኩ ቢበዛ 5 የባንክ የሥራ ቀን ይሰጠዋል። እነዚያ ቀናት የተሰጡት እንዲያይበት ነው። የቆረጠብሽም ለዚሁ ነው።

ስለዚህ ሳያይ ከከፈለ ለምን ይለቀቃል? ወኪል አማነኛ፣ አደራ ተቀባይ ነው። ሳያጠፋ የደረሰ ጉዳት አይጠየቅበትም። መርከቡ ቢሰምጥ፣ ዋጋ ቢወርድ፣ በሱ ላይ አይደለም። ቸል ካለ ወይም ካዘዝሽው ከወጣ ግን ይጠየቃል። ይሄ በፊቅሁ ኪታብ ያለ ነው። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግም ወኪል ሥራውን በትጋት እንዲሠራ ያስገድደዋል። «ወኪል ነን» ማለታቸው አያድናቸውም፣ እንዲያውም የሚያስጠይቃቸው እሱ ነው። ሁለቱን ወረቀት፣ ኢንቮይሱንና የጥቅል ዝርዝሩን፣ ጎን ለጎን አድርገሽ ቅሬታሽን በጽሑፍ አስገቢ። መጀመሪያ ለቅርንጫፉ፣ ካልሆነ ለዋናው መሥሪያ ቤት። ቃል በቃል «ይህ ልዩነት እያለ ለምን ተከፈለ?» በያቸው። ዝም ካሉም ወደ ብሔራዊ ባንክ የሚወስድ መንገድ አለ።

ስለ ወኪል ካነሳን የዑርዋ አልባሪቂን ነገር ላንሳ፣ ቡኻሪ ላይ ያለ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በግ ግዛልኝ ብለው አንድ ዲናር ሰጡት። በአንዱ ዲናር ሁለት በግ ገዛ። አንዱን በአንድ ዲናር ሸጠ። በግ ከነዲናሩ ይዞ መጣ። በንግዱ በረካ እንዲያደርግለት ዱዓ አደረጉለት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው በጉን ያያል፣ እኔ ዲናሩን ነው የማየው። ወደ ኪሱ አልገባም። ወኪል ያገኘው ትርፍ የባለቤቱ ነው። ስለዚህ ላኪው ለባንኩ ቅናሽ ከሰጠ፣ ወይም ከተጠየቀው ያነሰ ከተከፈለ፣ ልዩነቱ ወዳንቺ ይመለሳል። ካልተመለሰ ጠይቂ።

ኡሙ_ሐናን

ወላሂ ይሄን የነገረኝ የለም። ሁለቱም ወረቀት አለኝ። ነገ ይዤ እሄዳለሁ።

ሸማ_ተራ

ቀልዱን ትቼ እኔም ልጠይቅ። ሙራባሃ ስወስድ ባንኩ «አንተው ወኪላችን ሆነህ ዕቃውን ግዛ» አለኝ። የሚገዛውም እኔ፣ የሚሸጥልኝም እኔ፣ ደረሰኝ የማመጣውም እኔ። ባንኩን የት አገኘሁት?

አቡ_ሙስዓብ

😄 ጥሩ ታዝበሃል። አዮፊ ወኪሉ ከደንበኛው ሌላ ሰው ቢሆን ይመርጣል። ደንበኛውን ወኪል ማድረግ ለችግር ጊዜ ነው። እኛ ጋ ግን ልማድ ሆኗል። ቢያንስ ዕቃው ከሻጩ በባንኩ ስም መገዛቱ፣ አንተ ጋ ከመድረሱ በፊትም ባንኩ ኃላፊነቱን መሸከሙ በወረቀት ይታይ። በራስህ ስም ደረሰኝ ካመጣህ ሽያጭ የለም፣ ብር ነው የተሰጠህ።

ደላላ_ነኝ_ባክህ

ስለ ጁዓላ አንድ ቃል ጣል አድርጋችሁ አለፋችሁ። የኛ የደላሎች እኮ ነው! ቤት ፈልግ እባላለሁ፣ ሳምንት ሙሉ ከጎጃም በረንዳ እስከ አውቶቡስ ተራ እዞራለሁ። ባለቤቱ መጨረሻ ላይ «ሐሳቤን ቀየርኩ» ይላል። አንድ ብር የለም። ይሄ ሐላል ነው?

አቡ_ሙስዓብ

ጁዓላ ከሆነ ሕጉ እንደዚያ ነው፣ ውጤት ካልመጣ ክፍያ የለም። ሱረቱ ዩሱፍ አንቀጽ 72 ላይ የንጉሡን መስፈሪያ ላመጣ የግመል ጭነት እህል እንደሚሰጠው ተነግሯል፣ የተናገረውም ሰው እኔ ለዚህ ዋስ ነኝ ብሏል። በአንድ አንቀጽ ጁዓላም ከፋላም አለ። ነገር ግን ሥራ ከጀመርክ በኋላ አሠሪው ውሉን ካፈረሰ፣ ብዙ ዑለማዎች እስከዚያ ለሠራኸው የሚገባህን ይስጥህ ይላሉ። የሐነፊ መዝሀብ (የፊቅህ ትምህርት ቤት) ጁዓላን በጥቅሉ አይቀበልም፣ ሥራው ልኩ የማይታወቅ ነው ብሎ። ወሎ ብትወርድ የሚቀበለውንም የማይቀበለውንም መዝሀብ ታገኛለህ፣ እዚያ ስትዳልል መጀመሪያ ጠይቅ 🙂

ካልፈለግከው ደግሞ በጁዓላ አትሥራ። በቀን ይህን ያህል ተዋዋል። ያ ኢጃራ ነው፣ ቤቱ ተገኘም አልተገኘ ቀንህ ይከፈላል። ባንኮችም ጁዓላን ሊጠቀሙበት ይችላሉ፣ ለምሳሌ የቆየ ዕዳ ላስመለሰላቸው ሰው። ካስመለሰው ላይ በመቶኛ ቢቆረጥለት ከወለድ ጋር አይገናኝም፣ ዋጋው ለውጤት ነው።

ደላላ_ነኝ_ባክህ

በቀን የሚዋዋል ደንበኛ ካገኘህልኝ 10 በመቶ ላንተ 😂

ፒያሳ_ወርቅ

እኔ የማልረዳው የወርቁ ነው። ማሌዥያ «አር-ራህኑ» የሚሉት አለ። ወርቅህን ታስይዛለህ፣ ያለ ወለድ ብር ይሰጡሃል፣ ለወርቁ ጥበቃ በወር ያስከፍሉሃል። ይሄ ክፍያ ጊዜውን ተከትሎ ነው የሚቆጠረው። አቡ ሙስዓብ ደግሞ ክፍያው ቀኑን አይከተል ብሏል። ታዲያ ይሄ እንዴት ሆነ?

አቡ_ሙስዓብ

እዚህ ላይ ቀኑ ራሱ ሥራው ነው። ወርቅ መጠበቅ ማለት ዛሬም ነገም መጠበቅ ነው። ካዝና አለ፣ ዘበኛ አለ። መጋዘን ስትከራይም በወር ነው የምትከፍለው። የዋስትና ደብዳቤ ግን ፋይል ውስጥ ተኝቶ ጊዜ ሲቆጥር ማንም ምንም አይሠራለትም።

ወርቁንም ቢሆን የምታጣራበት መንገድ አለ። ያው የአንገት ሐብል ነው እንበል። አንዱ አስይዞ 50 ሺህ ብር ወሰደ፣ ሌላው ያንኑ የሚያህል አስይዞ 100 ሺህ ብር ወሰደ። የጥበቃ ክፍያቸው እኩል ነው? እኩል ከሆነ የጥበቃ ነው። ሁለተኛው እጥፍ ከከፈለ የሚጠበቀው ወርቁ አይደለም፣ ብሩ ነው። ስለዚህ ክፍያው በወርቁ ዋጋ ወይም በካዝናው ልክ ይሰላ፣ በተበደርከው ልክ አይሰላ።

ሒሳብ_ሹም

ይሄኛው ገብቶኛል። ከልቤ ነው። በቁጥር የሚፈተን ነገር ስትሰጡኝ እረዳለሁ። የባለ ክሩንም በዚሁ ልፈትነው፦ ዋስትናው 200 ሺህ ብቻ ቢሆን ኖሮ የባንኩ ሥራ ይቀንስ ነበር? አይቀንስም። ክፍያውስ? በግማሽ ይቀንሳል። በቃ።

ዓለምገና_88

ከርዕስ ውጪ ይቅርታ፣ የሐጅ ቁጠባ ሒሳብ የትኛው ባንክ ጥሩ ነው?

አወያይ

የባንክ ምርጫ ሌላ ክር ላይ አለ፣ እዚያ ጠይቁ። ባለ ክሩ ምን ደረሰ?

የወረቀት_ነጋዴ

አለሁ። ሄጄ ነበር። ሥራ አስኪያጁን አናገርኩ። መጀመሪያ «ሸሪዓ ቦርዱ አጽድቆታል» አለኝ። እሺ፣ ያጸደቀበትን ጽሑፍ አሳየኝ አልኩት። ዋናው መሥሪያ ቤት ነው ያለው አለ። ይላክልኝ ብዬ በደብዳቤ ጠየቅኩ፣ ግልባጩን ማኅተም አስመትቼ ያዝኩ።

ከዚያ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተጠጋና ሁለት መንገድ አለህ አለኝ። 400 ሺውን ሙሉ ካስያዝክ፣ በወካላ ይሆናል፣ የተቆረጠች ክፍያ አንዴ ብቻ ትከፍላለህ። ካላስያዝክ ኮሚሽኑ እንዳለ ነው። እንግዲህ ችግሩ ይሄ ነው። 400 ሺው ወረቀቱን የምገዛበት ብር ነው። ካሠርኩት በምን ላቀርብ ነው?

መስኮት_ሰባት

ሙሉ የምታስይዝ ከሆነማ ዋስትናውም አያስፈልግህም። ሲፒኦ፣ ባንኩ ያረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ፣ አሠራ። ክፍያው ትንሽ ነው፣ ጊዜ አይቆጥርም። አብዛኛው የጨረታ ሰነድ ሲፒኦን ይቀበላል፣ ያንተን ግን ገልጠህ እይ። ብሩ መታሰሩ ግን በዚህም አይቀርም።

ሌላም ልጠቁምህ። ግማሹን ብቻ ማስያዝ ትችላለህ። በተያዘው ግማሽ ባንኩ ወኪልህ ነው፣ በቀረው ነው ዋስ የሚሆነው። ኮሚሽኑ በቀረው ላይ ብቻ እንዲሰላ ተደራደር። ብዙ ሰው ስለማይጠይቅ ነው በሙሉው የሚቆረጥበት።

አቡ_ሙስዓብ

የቀረው ግማሽ ላይ ያው ክርክር ይቀራል፣ ግን ይሻላል።

ወንድሜ፣ አንተ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተሃል? ለነሱ ከአደራጃቸው መሥሪያ ቤት የሚጻፍ የዋስትና ደብዳቤ በመንግሥት ግዢ ተቀባይነት አለው። በባንክ ዋስትና ፈንታ ነው የሚገባው፣ ኮሚሽንም የለውም። ከፋላ በዋናው ትርጉሙ እሱ ነው።

የወረቀት_ነጋዴ

እኔ በግሌ ነው ንግድ ፈቃድ ያወጣሁት፣ አልተደራጀሁም። አልሐምዱሊላህ፣ ወንድሜ ግን 200 ሺህ ሊያበድረኝ ተስማምቷል፣ ቀርድ ሐሰን፣ ያለ ወለድ። እሱን አስይዣለሁ። በቀረው 200 ሺህ ላይ ብቻ ይቆረጥ አልኩ፣ ሥራ አስኪያጁ አስቦ እሺ አለ። ቦርዱ የሚልክልኝን ጽሑፍ ሲመጣ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።

ሒሳብ_ሹም

ለጥፈው፣ እኔም አነባለሁ። ያስያዝከውን 200 ሺህ በወጪ እንዳይመዘግብ ለሒሳብ ሠራተኛህ ንገረው፣ ተመላሽ ነው።

መስኮት_ሰባት

አንድ ነገር ልጨምርና ልውጣ። ርክክብ ሁልጊዜ ይዘገያል። የዋስትናው ማብቂያ ቀን ከርክክቡ ቀን በኋላ ወር ያህል እንዲተርፍ አድርገህ አሁኑኑ አስጽፍ፣ ግን ሩብ ዓመቱን እንዳያልፍ ቁጠረው። በሦስት ቀን ካለፈ የሙሉ ሩብ ዓመት ይቆረጥብሃል። ሥራውን ስትጨርስ ደግሞ ዋናውን የዋስትና ደብዳቤና የመልቀቂያ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ ይዘህ ና። ግልባጭ አይሆንም። ያለዚያ 200 ሺው አይለቀቅም፣ ወንድምህም ስልክ መደወል ይጀምራል።